ሸክላው የማን ነው? የአምሃ እሸቴ ሕይወትና የሙዚቃ አሳታሚነት ሥራ

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ሠርጉ ጋብ ብሎ የደብረ ብርሃን ውርጭ ብቻውን ሲቀር፣ አንዲት ወጣት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ቤቴ መጣች። የመንዝ ልጅ ናት፤ ከመሐል ሜዳ። በሠርግና በማኅበር ስትዘፍን የሰማት ሁሉ ድምፅዋን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት አልበም ሊያሳትምላት ፈልጎ ስድስት ገጽ ውል ልኮላታል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የያዘችው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ለሃያ ዓመት ያህል ካሴት ስሸጥ ስለኖርኩ፣ ዘፈን ነክ ነገር ሲገጥማቸው ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች አሉ።

ውሉን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ጋሼ፣ የምዘፍነው እኔ፣ ግጥሙ የእኔ፣ ዜማውን ያወጣሁት እኔ። ታዲያ ይህ አሳታሚ የሚባለው ሰው ምን ሠርቶ ነው ‹የሥራው ባለቤት› ተብሎ የተጻፈው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከባድ ነው። ድምፃዊን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲያልፍ ይጠቋቆሙበታል። የዜማና የግጥም ደራሲን ጥቂቶች ያውቁታል። አሳታሚው ግን ስሙ የሸክላው፣ ማለት የድሮው የሙዚቃ ዲስክ፣ መሐል ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ አንድ ዘፈን ከሃምሳ ዓመት በኋላ መሰማቱን ወይም መጥፋቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የእርሱ ሥራ ነው። ልጅቱ በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ብታየው ይገባታል ብዬ የአቶ አምሃ እሸቴን ታሪክ ነገርኳት። ውል በእጃቸው ይዘው የሚጨነቁ ሌሎች ልጆችም ስላሉ እዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹ ከውጭ አገር ሸክላዎች ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳቸዋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከአቶ አምሃ በፊት ግን ለአፍታ ወደ ምንጃር ልውረድ። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች የመጀመሪያዎቹ የተቀረጹት በምንጃር ተወላጅ ድምፅ ነው። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1908፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ ጀርመን ተልከው ነበር፤ እዚያ ሳሉ በመቅረጫ ማሽን ፊት ተቀምጠው ዘፈኑ። ድምፁ የእኛ ነው። ማሽኑ፣ ፋብሪካውና «ይህን እናሳትም» የሚለው ውሳኔ ግን የጀርመኖቹ ነበር። ከዚያም በኋላ የውጭ ኩባንያዎች በተለያየ ጊዜ የኢትዮጵያን ድምፅ ቀርጸዋል። የራሱን ገንዘብ አውጥቶ፣ ኪሳራውን በራሱ ጫንቃ ተሸክሞ «እኔ አሳትመዋለሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ ነጋዴ እስኪመጣ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ።

አቶ አምሃ ወደዚህ ሥራ ሲገቡ ሁለት አጥር ጠበቃቸው። አንደኛው የሕግ ነው። በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ለቴአትርና ለባህል ሙዚቃ ትልቅ ውለታ የዋለ ተቋም ነው፤ ስሙን በክብር ነው የማነሳው። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ በየምሽት ክበቡ ይፈላ የነበረውን አዲስ ሙዚቃ በሸክላ እያሳተመ ለገበያ የሚያቀርብ አልነበረም። መብቱ በአንድ እጅ ተይዞ ሥራው ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው አጥር ሙዚቀኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች መሆናቸው ነው። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ የክቡር ዘበኛ ነበሩ። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጣ ነው። ጦር ሠራዊቱም ማዘጋጃ ቤቱም የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ሳክስፎኑ፣ ጥሩምባው፣ ከበሮው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ያ ሥርዓት ሙዚቀኞችን ኖታ ማንበብ አስተምሯል፣ ዲሲፕሊን ሰጥቷል፤ ያለ እርሱ ያ ዘመን አይታሰብም። ነገር ግን ሙዚቃው በመድረክ ተጫውቶ፣ በሬዲዮ ተላልፎ እንደ ጉም ይበተን ነበር። ሰው ገዝቶ ቤቱ የሚወስደው ነገር አልነበረም።

አቶ አምሃ ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣት ነበሩ፤ የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጥ ሱቅም ነበራቸው። ይህን የታሪኩን ቦታ እንደ ቀድሞ ካሴት ሻጭ በጣም እወደዋለሁ። ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ደንበኛው ገብቶ የአሜሪካ፣ የሕንድ፣ የሱዳን ሸክላ ይገዛል፤ የአገሩን ሲጠይቅ ግን የለም። ገንዘብ የያዘ እጅ በየቀኑ ባዶውን ሲመለስ ማየት ማንኛውም ጥናት ከሚያስተምረው ይበልጣል። አቶ አምሃ ያዩትን ክፍተት ሌሎች ነጋዴዎችም ሳያዩት አልቀሩም። እርሳቸውን የሚለየው፣ ድንጋጌው እንዳለ እያወቁ፣ ሊያስከስስ ሊያሳስርም እንደሚችል እያወቁ፣ በ1969 የመጀመሪያውን ሸክላ ማሳተማቸው ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በአባት ስም ይመሳሰሉ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም፤ የምንጃሩ ነጋድራስም እንዲሁ። ሰዎች ሲያምታቱት ስለምሰማ ነው ይህን ማለቴ። ማኅበሩ ተቃወመ፤ ነገር ግን የተፈራው እስር አልመጣም። ሸክላው ተሸጠ፤ ሌላው ተከተለ፤ «አምሃ ሪከርድስ» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ታወቀ።

ልጅቱ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «እሺ ጋሼ፣ ግን ማሳተም ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?» አለች። ትክክል ናት፤ ዝርዝሩን ሳናይ የባለቤትነቱ ጥያቄ አይፈታም።

አሳታሚ መጀመሪያ ይመርጣል። ከመቶ ዘፋኝ አንዱን፣ ከአንዱ ዘፋኝ አሥር ዘፈን ሁለቱን። ያኔ ነጠላ ሸክላ የሚባለው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነው፤ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊቱ ሌላ ዘፈን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፊት አራት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር አዝማሪ መሰንቆውን ካነሳ እንግዳው እስኪጠግብ፣ ሸላሚው እስኪደክመው አይቆምም፤ አንድ ዜማ ሌሊቱን ሊያነጋ ይችላል። ሸክላ ግን አራት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። የትኛው ስንኝ ይቅር? መግቢያው ይጠር? ሳክስፎኑ የት ይግባ? ይህን የሚወስኑት አቀናባሪው፣ ድምፃዊውና ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው ነው። ዛሬ የምናደንቃቸው የዚያ ዘመን ዘፈኖች ጥብቅ ብለው የተቋጠሩት በዚህ ጥበት ምክንያት ጭምር ይመስለኛል።

ቀጥሎ ይከፍላል። ለድምፃዊው፣ ለአጃቢዎቹ፣ ለአቀናባሪው፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው፣ ለቀረጻው። ቀረጻው በቴፕ ይቀመጣል። ያ ቴፕ ከሁሉም ቅጂዎች በፊት ያለው፣ ሁሉም ከእርሱ የሚወጡበት ዋናው ነው፤ «ማስተር» የሚባለው እርሱ ነው። ይህን ቃል አትርሱ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወደ ባሕር ማዶ ይላካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ አቶ አምሃ የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አሳተሙ፤ በኋላ ደግሞ ሊባኖስና ግሪክ። ቴፑ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ወደ ብረት ቅርጽ ይገለበጣል፤ ብረቱ እንደ ማኅተም ሆኖ የጋለውን ፕላስቲክ ሲጫነው ሸክላው ይወጣል። ከዚያ በሣጥን ታሽጎ፣ ጉምሩክ አልፎ ሱቅ ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፦ ይህ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ሸክላ እንኳ አልተሸጠም። ሕዝቡ ባይወደውስ? የተመለሰ ሸክላ እንደ እህል ለሌላ ገበያ አይወሰድም። ድምፃዊው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ፋብሪካው ሒሳቡን ተቀብሏል። የሚከስረው አሳታሚው ብቻ ነው። አሳታሚ «የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ» ሲል መነሻው ይህ ነው፤ ኪሳራው የእርሱ ስለሆነ። ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው አልልም፤ መሠረት የሌለው ነው ለማለት ግን ሕሊናዬ አይፈቅድም።

የአቶ አምሃን ድፍረት ለመመዘን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ሙላቱ አስታጥቄ ግጥም የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት ሙዚቃ ይዞ ሲመጣ አሳተሙለት። እኛ ቃል ወዳድ ሕዝብ ነን፤ ሰምና ወርቅ ካልሰማን ዘፈን የሰማን አይመስለንም። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ለዚህ ሕዝብ መሸጥ በገበያ ሒሳብ አያዋጣም። ነገር ግን ያ ውሳኔ ባይኖር፣ ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሚያውቀው ድምፅ ከዚያ ዘመን የሚጠቀስ ማስረጃው እጅግ የሳሳ ይሆን ነበር።

ከ1969 እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ከ1969 እስከ 1978 በጠቅላላው በኢትዮጵያ የወጡት 500 ያህል ነጠላ ሸክላዎችና 30 ያህል አልበሞች ናቸው። ከነጠላዎቹ አምስት አንድ፣ ከአልበሞቹ ደግሞ ከሲሶ በላይ የአንድ ወጣት ሱቅ ሥራ ነው ማለት ነው። እርሳቸው አጥሩን ካፈረሱ በኋላ ሌሎችም ገቡ፤ የካይፋ ሪከርድሱ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሏቸው፣ ዋነኛው ናቸው።

አሁን ወደ ማስተሩ ልመለስ። ልጅቱ የመንዝ ልጅ ስለሆነች በበግ አስረዳኋት።

መንዝ ውስጥ በግ ያለው ሰው እረኛ ሲያጣ ወይም ግጦሹ ሲጠበው እናቲቱን ለሌላ ሰው ለርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ያሳድጋል፣ ይጠብቃል፣ ከቀበሮ ያድናል። የሚወለደውን ግልገል በስምምነታቸው ይካፈላሉ፤ እናቲቱ ግን የባለቤቷ ናት፣ ጊዜው ሲደርስ ትመለሳለች። ሌላው መንገድ እናቲቱን ገበያ አውጥቶ መሸጥ ነው። ገንዘቡን ቆጥረህ ከተቀበልክ በኋላ መንታ ብትወልድ፣ ዘሯ መንጋ ቢሞላ፣ «ግልገሌን» ብለህ አትጠይቅም።

ማስተር እናቲቱ በግ ናት። ሸክላው፣ ካሴቱ፣ ሲዲው፣ በዩቲዩብ የሚሰማው ሁሉ ግልገል ነው። በአገራችን በተለይ በካሴት ዘመን የተለመደው ውል ሽያጭ ነበር፤ ዘፋኙ በአንድ ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብ ይቀበላል፣ እናቲቱ ትሄዳለች። አሳታሚው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዘፋኙም የነገውን ስለማያምን የዛሬውን ይመርጣል፤ ስንት ቅጂ እንደተሸጠ የሚቆጥርለት ስለሌለ ድርሻ ቢባል እንኳ ድርሻው ስንት እንደሆነ አያውቅም። ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ድርሻ ከመጠበቅ በእጅ ያለ ብር ይሻላል ብሎ ይፈርማል። ይህን ስል አንድ መሰንቆ ተጫዋች ወዳጄ ትዝ ይለኛል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ካሴት ሠርቶ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ያሳተመለት ቤት በኋላ ተዘጋ፤ ማስተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ወዳጄ ካረፈ በኋላ ልጆቹ የአባታቸውን ድምፅ ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። የነበረኝ አንድ የተበላ ካሴት ነበር፤ ከሁለተኛው ፊት ግማሹ አይሰማም። ያን ቀን ማስተር የሚባለው ቃል ለእኔ የሕግ ቃል መሆኑ ቀረ።

ደግሞም እኔ ራሴ ንጹሕ አይደለሁም። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ገዝተን፣ ሁለት ማጫወቻ አገናኝተን፣ ደንበኛ የጠየቀንን እየቀዳን እንሸጥ ነበር። ሁሉም ያደርገው ስለነበር ስርቆት አልመሰለንም። ከምንቀዳው ለዘፋኙም ለአሳታሚውም አንድ ሳንቲም አልደረሰም። አሳታሚዎች ለዘፋኝ ድርሻ ለመክፈል የማይደፍሩበት አንዱ ምክንያት እኛ ነበርን፤ ሽያጩን በልተንባቸዋል።

አብዮቱ ሲመጣ የአቶ አምሃ ሥራ ዘመን አበቃ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ የሚኖረው ሙዚቃ ማታውን ተቀማ። በ1975 አገር ለቀው አሜሪካ ገቡ፤ ኑሯቸውን ዋሽንግተን አደረጉ። እዚያም ከሙያው አልወጡም፤ የምሽት ክበብ ከፍተው ስደተኛውን በሙዚቃ ሰበሰቡት። በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ማሕሙድ አህመድን፣ ጌታቸው ካሳንና ውብሸት ፍሥሐን ሲያጅብ በዝግጅቱ የእርሳቸው እጅ ነበረበት። አሳታሚ መድረክም ያዘጋጃል፣ ጉዞም ያመቻቻል፤ ሸክላ ማተም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ከዋልያስ ጋር ከተጓዙት አንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1946 እዚሁ ተወለደ፤ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ፤ በኋላም በዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠራ። ከ1981ዱ ጉዞ በኋላ ከባንዱ አባላት ጥቂቶቹ አሜሪካ ቀሩ፤ እርሱም ከቀሪዎቹ ነው። በ1985 ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን እየደራረበ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ መድረኩ እየራቀው ሄዶ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል፤ በዚህ ብርድ ያደገ ልጅ፣ በዚያ ሰው አገር ብርድ፣ ማንም ሳይሰማው ጣቱን እንዳይረሳ የሚያደርግ ሰው።

የሁለቱን ሰዎች የኋላ ታሪክ ጎን ለጎን ካስቀመጥን የባለቤትነት ነገር ግልጽ ይሆናል።

በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ አልበሞች ፈረንሳይ ውስጥ መውጣት ጀመሩ፤ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የዚያን ወርቃማ ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሱት እነዚህ አልበሞች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ አልበሞች በአንዳንዶቹ ላይ ‹1969 እስከ 1975› የሚል ዘመን ተጽፏል፤ ቁጥሩን እዩት፣ አምሃ ሪከርድስ የኖረበት ዘመን ነው። ፋልሴቶ እነዚያን ዘፈኖች እንደገና ለማሳተም የማንን ፈቃድ ይፈልጋል? የማስተሩን ባለቤት። ስለዚህ ሱቃቸውንም አገራቸውንም ጥለው የተሰደዱት ሰው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ እንደገና የጉዳዩ ዋና ሰው ሆኑ። ሥራቸውን መዝግበው፣ ማን ምን እንደሠራ አውቀው የያዙ በመሆናቸው ዘፈኑ ከነባለቤቱ ተገኘ። በዚህ በኩል አሳታሚው ለዘፋኙ ማስታወሻ ያዥ ነው። ዘፋኙ ከእንደገና ሕትመቱ ምን ያገኛል የሚለው ግን በፊት በፈረሙት ውል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሸጦ ከሆነ በሽያጭ፣ በድርሻ ከሆነ በድርሻ።

የኃይሉ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የድሮ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሥራው የኃይሉ የራሱ ስለነበር ስልክ የደወለው ለአሳታሚ ሳይሆን ለራሱ ለታክሲ ነጂው ነው። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። የዚያ አሜሪካዊ ቤት አሠራር ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው፤ ምንጃር ላይ መሬት በእኩል ከሚያርሰው ገበሬ ጋር ብናስቀምጠው ወዲያው ይግባባሉ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። እናቲቱ በግ በረቱ ውስጥ ስለነበረች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ስትወልድ ግልገሉ ወደ ቤቱ መጣ።

ልጅቱ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እና አቶ አምሃ ጥሩ ሰው ነበሩ ወይስ ነጋዴ?» አለችኝ። ሁለቱንም ነበሩ አልኳት። ነጋዴ ባይሆኑ የዚያ ሙዚቃ ብዙው አይኖርም ነበር፤ ፍቅሩ ባይኖራቸው ደግሞ ድንጋጌ ጥሰው አይጀምሩም፣ ሙላቱንም አያሳትሙም። ዘፋኝ አሳታሚን መጥላት የለበትም፤ ማወቅ ነው ያለበት።

ስለ ሕጉ የነገርኳት አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩ። ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው። ለሕዝብ ያልተነገረው ትልቁ ነገር አንድ ዘፈን ውስጥ አንድ መብት ብቻ አለመኖሩ ነው። የግጥሙና የዜማው መብት አለ፤ ይህ የደራሲው ነው፣ በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፃዊው፣ ማለት የከዋኙ፣ መብት አለ። የቀረጻው፣ ማለት የማስተሩ፣ መብት አለ፤ ይህ የአሳታሚው ነው፣ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ ልጅቱ ሦስት ቦታ ላይ ቆማለች፤ ግጥሟን ጽፋለች፣ ዜማዋን አውጥታለች፣ ትዘፍናለች። የመጣላት ውል ግን ሁሉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ «ማናቸውንም መብት ለዘለዓለም» ይላል። ቀረጻው የእነርሱ ይሁን ቢባል እንኳ የግጥሙና የዜማው መብት አብሮ የሚሄድበት ምክንያት የለም፤ እነርሱ ያወጡት ገንዘብ ለቀረጻው ነው እንጂ ለግጥሙ አይደለም። ሌላም አለ፤ ገንዘብ የሚያስገኘው መብት ቢሸጥም በሥራው ላይ ስምን የማስጠራት መብት አብሮ አይሸጥም።

አንድ ነገር ደግሞ በእርሷ በኩል አስተካከልኩ። ከዘፈኖቿ አንዱ አያቷ ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩት የሰማችው ነው። «ይህን ዜማ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ማለት አትችልም አልኳት። የመንዝ ሴቶች ሁሉ ዜማ ነው። የእርሷ የሚሆነው የጨመረችበት ግጥምና አዘፋፈኗ ነው፤ ሙዚቃ ቤቱም ቢሆን ዜማውን ሌላ ሰው እንዳይዘፍነው መከልከል አይገባውም። ወንድሟ ፊቱ ጠቆረ፤ እርሷ ግን ሳቀች፤ «አያቴም የእኔ ነው ብላ አታውቅም» አለች።

ዛሬ ነገሩ የሚከብደው በኢንተርኔት ምክንያት ነው። በሸክላ ዘመን ግልገሉ ይቆጠር ነበር፤ ሣጥን አለ፣ ሱቅ አለ። አሁን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲጫን የማስታወቂያው ገቢ የሚሄደው ቻናሉን ወይም ቀረጻውን በስሙ ላስመዘገበ ሰው ነው። ገቢው ትንሽ ትንሽ ሆኖ ለብዙ ዓመት ይመጣል። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ይህን ለዘለዓለም መተው በካሴት ዘመን ከነበረው የከፋ ኪሳራ ነው። ደግነቱ ከቀድሞው የተሻለ አንድ ነገር አለ፤ እይታው ይቆጠራል፣ ሒሳቡ በኮምፒውተር ይታያል። ድርሻ መጠየቅ የማይረባበት ዘመን አልፏል።

ሦስት ነገር ጻፍንላት። ቀረጻው የሙዚቃ ቤቱ ይሁን፣ ነገር ግን ለተወሰነ ዓመት፤ ከዚያ ወደ እርሷ ይመለስ። የኢንተርኔቱ ገቢ እኩል ይሁን፣ በየስድስት ወሩ ሒሳቡ ይታያት። ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ሲፈለግ እርሷ ሳትፈቅድ አይሰጥ። ከመላኩ በፊት ወንድሟ እዚሁ ከተማ ላለ ጠበቃ አሳይቶት ሁለት ቦታ አረመልን።

አቶ አምሃ ከስደት ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1990ዎቹ ነው፤ ያረፉት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የመጀመሪያውን ሸክላቸውን የዘፈነላቸው ዓለማየሁ እሸቴ ተከተላቸው። ያን ሸክላ አግኝቼ አላውቅም፤ ሱቄ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ካሴቶች ናቸው።

የልጅቱ መልስ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሙዚቃ ቤቱ የፊልሙን ነገር አልተቀበለም። የኢንተርኔቱን እኩል ተስማምቷል። ቀረጻው በአሥር ዓመት ይመለስልሽ ብሏል፤ እኛ ሰባት ነበር ያልነው። በስልክ ስትነግረኝ ከኋላዋ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል፤ ልትፈርም ወደ አዲስ አበባ እየሄደች ነበር። «አሥር ዓመት ሲሞላ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው ጋሼ» አለችኝ።